የሁለት ሰው ሒሳብ

አባይ ማዶ አንድ ልጅ አለች፣ አንጓች ነው ስሟ፣
ከሷ የሚረዝም ጥቁር ሣጥን ያጎብጣታል ከነቁሟ።
ባለፈው ሐምሌ ባጃጄን አስቆመች፤
እንደ ሽማግሌ ደግፋ እሱን አስቀደመች፤
ወንበሩን ሞላው። እሷ ከዳር ተንጠልጥላ፣
«ጉብታው ላይ ቀስ በል» አለችኝ፣ አንገቱን በክንዷ ከልላ።
ስንደርስ፣ «የሁለት ሰው ክፈይ» አልኳት።
«እሱ አይናገርም እኮ!»
«ዝም ያለም ተሳፋሪ ነው፣ ቦታ ይዟል» አልኩ፣
ብሯን ቆጥሬ ተቀበልኩ።

አዳራሹ ያው የድሮው የጥጥ መጋዘን ነው፤
ከጣና የሚመጣ ርጥበት ግድግዳውን የሚያልበው፣
ጠዋት የተቃኘውን ክር ከቀትር በፊት የሚያላላው።
አራት እንግዶች መጡበት፤ አንዷ ከአርመን አገር፣
አንዱ ከፖርቱጋል፣ አንዷ ከኮርያ፣
አንዱ ደግሞ ከኪሱሙ፣ ከዚያኛው ሐይቅ ዳር።
እርስ በርስ እንኳ በወጉ አይግባቡም፤
ሲጨቃጨቁ በበሩ ሰምቻለሁ፣ ግን አይኳረፉም፤
አንዷ አገጯን ከፍ አድርጋ ትንፋሽ ስትስብ
አራቱ ቀስት እኩል ይነሣል።
ቀስት ለመውጊያ ነበር እኔ የማውቀው፣
ሰው በቀስት ሲታረቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ሽባባው፣ የታንኳ ሠሪው ልጅ፣ መዳፉ በደንገል የተላጠ፣
ቀስቱን እንደ ገጀራ ጨብጦ ቀኑን ሙሉ በላብ ተዋጠ።
ኮርያዊቷ አልተቆጣችም። አባቱ ጋ ውሰደኝ አለች፤
ውሃው ዳር ተቀምጣ ደንገል ስታስር ዋለች።
ማታ እጁን ይዛ፣ በምልክት፣ «እንደዚያው» አለችው።
ከጠበቀ ደንገሉ ይሰበራል፣ ከላላ ውሃ ይገባል፤
ይህንንማ ሽባባው ከጡት ጋር ጠብቶታል።

ነሐሴ ላይ የአንጓች ቼሎ ቀጭኑ ክር ተበጠሰ።
ጎማ ቢሆን፣ ቸርኬ ቢሆን፣ ሞልቷል እኛ ሰፈር፤
የቼሎ ክር ግን ከየት ይምጣ በዚህ አገር?
የሚስቴ ወንድም ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ናይሎን ቆርጦ ሰጠኝ፣
«ቀረሶ ጎትቶበታል፣ ዜማ አይከብደውም» አለኝ።
አርመኗ አየችው፣ ሳቀች፣ ሰቀለችው፤
ድምፁ ሻካራ ነው፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው።
በዚያው ክር ማታ ሕዝብ ፊት ተቀመጠች።
መሐል ላይ መብራት ሄደ። አላቆሙም።
እኔም ከውጭ ሞተሬን አጥፍቼ፣ ሦስት ተሳፋሪ መልሼ፣
የከሠርኩትን እያሰላሁ ቆምኩ፤ ግን አልሄድኩም።

በመስከረም ሄዱ። «ለዓመቱ» ብለዋል፤ እንግዳ ያለውን ሁሉ አላምንም።
ቅዳሜ ቅዳሜ ግን መጋዘኑ ዝም አይልም፤
ሽባባው ለትንንሾቹ የቀስት አያያዝ ያሳያል፣
በእጁ የደንገል ቁራጭ ይዟል።

ትናንት አንጓች ብቻዋን ገባች። ሣጥኑ የለም፤
ለአንዲት ጀማሪ አውሳዋለች፣ እስከ እሑድ፣ ለዘለዓለም አይደለም።
ከልማድ ይሁን ከሌላ፣ የሁለት ሰው ሒሳብ ዘረጋችልኝ፤
ቤንዚን ተወዷል፣ ተቀበልኩ።
በመስታወቱ ሳያት፣ የግራ ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ
የሌለ ክር ይጫናሉ።
ድልድዩን አልፈን ጉብታው ጋ ስንደርስ
ፍሬን ያዝኩ፤
ባዶው ወንበር እንዳይገጭ ቀስ ብዬ አለፍኩ።