ጠመኔ ነው

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር፣
ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ አልቆ ጭቃው ሲጀምር፣
ትከሻዬ ላይ ነጭ ሲረግፍ ሰው ባየ ቁጥር
«ጠመኔ ነው» እል ነበር።

ጠመኔ ደግ ነው፤ በሐሰት ይመሰክራል፣
እጅና ኮት ሳይለይ እኩል ይበተናል፣
የአስተማሪን ራስ ገበና ይሸፍናል።

ዘንድሮ በመስከረም
ርእሰ መምህሩ አቶ ገረሱ፣ «ከእንግዲህ አቧራ የለም»
ብለው ጥቁሩን ነቅለው ነጭ ሰሌዳ ሰቀሉ፣
ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ማርከር አደሉ።
አዳራሹ አጨበጨበ፤
የእኔ ኮሌታ ብቻ አንገቴ ላይ ጠበበ።
ምስክሬ ሞቶ ነበር።
ማርከር አይረግፍም፣
ጥቁር ቀለም ደግሞ ነጭ ነገር አይጽፍም።

በሦስተኛው ሳምንት ሲፈን ከፊት ወንበር እጇን አወጣች፤
«ቲቸር፣ በረዶ ጣለ እንዴ?» አለች።
ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣
ክፍልፋዩን ሳላቃልል ወጣሁ።

ያልቀባሁት የለም።
የአማቴን ለጋ ቅቤ ትራሴ ጠጣው፣
ሎሚ ጨመቅሁበት፤ እከኩን ይብስ አስቆጣው፤
እሬት ከአጥር ሥር ቆርጬ፣ ፌጦ ወቅጬ፣
እንቁላል መትቼ፣ ጸበል ተረጭቼ፤
አንዱ ዘበኛ ደግሞ «ፍቱኑ ነጭ ጋዝ ነው» ብሎኝ፣
ሳምንቱን ሙሉ ክብሪት የጫረ ሁሉ አስደነገጠኝ።

ፀጉር አስተካካዩ ሽኩር ማጅራቴን አየና ዝም አለ፤
ሲጨርስ መቁረጫውን አልኮል ነክሮ ለኮሰው፣ ደግሞ ለኮሰው፣
እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ዘለለ።
«ጭርት ነው እንዴ?» አለ ተራ ጠባቂው።
ነው ብል፣ አይደለም ብል፣ እኔስ የት አውቄው!

ለሊሴ ግን፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለችው መድኃኒት ቤት፣
«ኮፍያህን አውልቅ» አለችኝ፣ ሁለት ወረፋ ጠባቂ ፊት።
ከጆሮዬ ጀርባ፣ ከቅንድቤ መሀል በባትሪ አየች፤
«ቆሻሻ አይደለም፣ አይጋባም፤ ቆዳህ ተቆጥቶ ነው» አለች።
«አይነቀልም፣ ይገራል፤ እንደ በቅሎ ነው፣
ሲበርድና ስትጨነቅ ይራገጣል፤ ልጓሙ ይኸው።
በሳምንት ሁለቴ፣ እንደ ጾሙ፣ ረቡዕና ዐርብ።
አረፋው አምስት ደቂቃ ይቆይ፣
ቶሎ ካለቀለቅኸው ያጠብኸው ብርህን ነው።
ይህች ትንሿ ቱቦ ከጆሮህ ጀርባ፣ በስሱ፣ ለሰባት ቀን፤
ፊት ታፈካለች ብለው እንዳያታልሉህ፤
መጀመሪያ ታፈካለች፣
ኋላ ቆዳውን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ታሳሳዋለች።»

እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ሌሊት ነው፣ ያውም ከመጣ።
ጀሪካን ሞልቼ አደርሁ።
ረቡዕ ማታ መብራት ጠፍቶ፣
ትርንጎ የስልኳን ብርሃን ምስማር ላይ አንጠልጥላ፣
እኔ ሳፋው ላይ አጎነበስሁ፣
እሷ አሸች፤ እኔ ቆጠርሁ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ሦስት መቶ፣
አረፋው በቅንድቤ ወርዶ፣ ሬንጅ ሬንጅ ሸትቶ።

መቶ ሰማንያ ሰባት ላይ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ» አለች፣ «ትራሱን ሳራግፍ ሲነጋ፣
ለእማዬ፣ የጥጥ ብናኝ ነው፣ እላት ነበር።»

ቁጥሩ ጠፋኝ።
እንደገና ከአንድ ጀመርሁ፤
ውሃውን በጣሳ ይዛ ጠበቀችኝ።

ኅዳር ገባ። አሁንም ይረግፋል፣ ጥቂት።
ሲፈን ትከሻዬን አየች፤ ከንፈሯን ነክሳ ቆየች።
«ፎረፎር ነው» አልሁ፣ ማርከሬን ሳልከድን፣
«ወደ ክፍልፋዩ እንመለስ።»
ማንም አልሳቀ።
ከኋላ ጥግ፣ የሹራቡን ቆብ ክረምት ከበጋ የማያወርድ አንድ ልጅ
የሚያክበትን እስክሪብቶ ከፀጉሩ ውስጥ አወጣና
ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።
ክፍልፋይ ይሁን ሌላ፣ እንጃ።