ሦስት ዓይነት ድንጋይ

ከኮዬ ወዲያ ማዶ፣ አስፋልቱ ከሚያልቅበት፣
ሙደሲር ሱቅ አለው፣ ጠባብ የቆርቆሮ ቤት።
ሦስት ዓይነት የባትሪ ድንጋይ ባንኮኒው ላይ ደረደረ፣
«ምረጥ» አለኝና፣ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ዞረ።

እኔ የሌሊት ዘበኛ፣ ያላለቀ ፎቅ ጠባቂ፣
ፌሮ ቆጣሪ፣ ውሻ አስታራቂ፤
ስሜ ዘርጋው፣ ደመወዜ ወር ሳይደርስ አላቂ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ በመዳፍ ሲመዘን፣
ወረቀት የለበሰ፣ ነብር የተሳለበት ጎን፤
ጥንዱ ሠላሳ ብር።
አውቀዋለሁ፣ ስንት ክረምት አብረን አመሸን!
አንደኛው ሌሊት ፀሐይ፣ ሁለተኛው ጨረቃ፣
በሦስተኛው ዐይኑ ይቀላል፣ በአራተኛው በቃ።
በጥርሴ ነክሼዋለሁ፣ እንዲነቃ ብዬ፣
ቆርቆሮ ላይ አስጥቼዋለሁ፣ እንደ በርበሬዬ።
ሲሞትም በክፉ ነው፤ የእንጉዳይን ሬዲዮ በላ፣
ከሆዱ ነጭ ጨው ተፍቶ፣ ሽቦው ዝጎ ቀላ።
ከዚያ ወዲህ በቤታችን ዜና የሚያወራ
ዝናብ ነው፣ በክረምት፣ ከቆርቆሮው ጋራ።

ሁለተኛው ከበድ ይላል፣ ወገቡ ላይ ወርቅ ቀለም፤
«አልካላይን» ይለዋል፣ አፌ ስሙን አይሞላም፤
ዋጋውን ግን ሰማሁ፦ ጥንዱ መቶ ሃያ።
«ሦስት ሳምንት ያበራል» ይላል ሙደሲር ሲምል፤
እኔ ግን ተታልያለሁ፣ አንዴ ከመንገድ ገዝቼ፣
ወርቁን በጥፍሬ ስፍቀው
ከሥሩ ያው ነብር ብቅ ሲል።

ሦስተኛውን ሙደሲር ራሱ በሁለት ጣት ነው የያዘው።
«ይሄ ይሞላል» አለኝ፣ «እንደ ስልክህ ቻርጅ ታደርገዋለህ፤
ሞቶ ይነሣል፣ ሞቶ ይነሣል፣ አንተ ትቀድመዋለህ።»
«ስንት?»
«ከነቻርጀሩ ሰባት መቶ ሃምሳ።»
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሳቄን ዋጥኩት መልሼ።
ደግሞስ መብራት የት አለና? እኔ የምጠብቀው ፎቅ
ሰባት ወለል አለው፣
ቆጣሪ ግን የለው።

ቤት ስገባ ትርሲት፣ ሰባተኛ ክፍል ናት፣
ከሲሚንቶ ከረጢት ገነጠለች ወረቀት።
«ርካሹ ስንት ሌሊት?»
አራት።
«መቶ ሌሊት ለመጠበቅ?»
ሃያ አምስት ጥንድ።
ሠላሳን በሃያ አምስት አባዛች፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣
ቀና ብላ አየችኝ፦
«ሰባት መቶ ሃምሳ።»

ዝም አልን።
«የወርቁ ስድስት መቶ ነው፣ አባዬ፣ እውነተኛ ከሆነ።»
«ከሆነ» የሚለውን ቃል በስንት ታባዛው?

ለካ ያን ብር ስከፍለው ኖሬያለሁ ሁልጊዜ፣
በሠላሳ በሠላሳ፣ ሳላየው፣ በፍዘዜ፤
ድሃ ውዱን ዕቃ ይገዛል፣ ግን ቆራርጦ ነው፣
ተገጣጥሞ ሙሉውን አንድም ቀን ሳያየው።

ሙደሲር በሦስት ደመወዝ ቆርጦ ሰጠኝ፣
ቻርጀሩም እሱ ሱቅ ይዋል፣ ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ፤
ጠዋት ባዶውን አስረክባለሁ፣ ማታ ሙሉውን ይዤ ልገባ።
መብራት ጠፍቶ የዋለ ቀን?
ለዚያ ቀን ነብሩ አለ፣ ጥንዱ፣ በኮቴ ኪስ።

የግድግዳ ሰዓታችን አንድ ድንጋይ ነው የሚጎርሰው።
ለእሱ አዲስ አልገዛም።
ከባትሪዬ የወጣውን፣ ሞተ ያልኩትን ነብር፣
ከጀርባው አጎርሰዋለሁ፤
ለብርሃን ያልበቃው ለሰዓት ይበቃል፣
ቀጭ ቀጭ እያለ መስከረም ያስገባል።
እሑድ እሑድ ከፍቼ አየዋለሁ፣ ጨው እንዳይተፋ።

እኔም ወገቤ ሳይከዳኝ ድንጋይ ፈላጭ ነበርኩ።
አሁን ሌሊት እቆጥራለሁ።