በዚንክ ላይ የቀረ ፊደል

የአማቴ የሉድሚላ ቤት ከፈረሰ ቆየ፤
ጣሪያው ከነፋስ ጋር ሄደ፣ ግንቡ ካፈር ተዋየ።
የወጥ ቤቷን ደጃፍ ስፈልግ ቦታው ጠፍቶኝ
በግንቦት አጋማሽ አይሪሶቹ ጠቆሙኝ፦
ሁለት ረድፍ ሰይፍ ቅጠል፣ ግራና ቀኝ ቆሞ፣
በሌለ በር አፍ ላይ እንግዳ ሊቀበል ታድሞ።

የኔብራስካ ነፋስ ሌሊትም አያርፍም፤
ማንም አላጠጣቸው፣ ማንም አላረመም።
በቆሎው ከወዲህ፣ የባቡሩ ሐዲድ ከወዲያ ሲገፋ
ሠላሳ ዓመት ኖረዋል ሳይመጣ ባለአካፋ።

በነሐሴ ተመልሼ ሦስት ጉማጅ ሥር ወሰድኩ፣
ዝንጅብል የሚመስል፤ በጆንያ ጠቀለልኩ።
ከሥሩ ጋር ተጣብቆ አንድ የዚንክ ቁራጭ ወጣ፣
ሉድሚላ በሚስማር የጫረችበት፤ አፈሩ ግን ቃሉን ጠጣ።
የተረፈው "ማዳም" ነው። ማዳም ማን? የማን ሚስት?
ከድሮ አይሪሶች ግማሹ ማዳም ነው፤ ይህ ፍንጭ ነው ወይስ ሐሜት?

*

አትቅበሪው ይላሉ እዚህ አገር የሚያውቁት፤
ኩሬ ላይ እንዳለ ዳክዬ ጀርባውን ለፀሐይ ተዪለት።
ግማሹን ቀበርኩ፣ ግማሹን አስቀረሁ፤
አንደኛው ዓመት ቅጠል ነው፤ ቅጠል ስቆጥር ከረምሁ።
ሁለተኛው ዓመት ትል ሥሩን ቦርቡሮ ገባ፤
በሽቦ ጫፍ ወግቼ ገደልኩት፣ ለትሉም ሆዴ እየባባ።

በሦስተኛው ግንቦት፣ ከቁርስ በፊት፣ በካልሲ ብቻ ወጥቼ
አየሁት። ደብተሬን ጠረጴዛ ላይ ረስቼ።
ተመልሼ አመጣሁ። ቁመት፦ ከጉልበቴ ትንሽ ያልፋል።
ሦስቱ የቆሙ ቅጠሎች፦ ጭስ የነካው ሐምራዊ ይመስላል።
ሦስቱ የወረዱት፦ እንደ እጄ ጀርባ ደም ሥር የወጣባቸው።
ጢሙ ነጭ፣ ጫፉ ላይ ቢጫ።
እንቡጡን የሸፈነው ልባስ፣ አበባው ሳይፈነዳ ደርቆ፣
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብርማ፣ በጣት ሲነኩት ተፍረክርኮ።
የቅጠሉ ግርጌ ሐምራዊ አይደለም፤ ይህ ብዙ ማዳሞችን ያስወጣል።
ሽታው፦ የወይን ጭማቂ። አይ፣ የከረሜላ ወረቀት። አይ፤
ይህን መስመር ሰርዤዋለሁ።

ከመጽሐፍ ፎቶ አስተያይቼ ሰባት ስም ጻፍኩ፣ ስድስቱን ሰረዝኩ፤
ሰባተኛውን ጧት ወድጄው ማታ ጠረጠርኩ።

*

ከአጥሩ ማዶ ኤርማ ናት። በውሃ መውረጃ ቦይ ምክንያት
አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገርንም፣ "ደህና ዋልሽ" ካልሆነ ምናልባት።
ጋራዧ ጥግ የበቀለው ግን ያው ሐምራዊ፣ ያው ጢም፤
ሲመሽ አጥር ላይ ተንጠላጠልኩ፤ ካላሸተትኩ አላምንም።

"በአፍንጫ ነው እንዴ ስርቆት የጀመርሽው?" አለችኝ ከጨለማ፣
የዶሮ መኖ ባልዲ ይዛ፣ ሳቋን ውጣ፣ ቆማ።
ምን እላለሁ? "ስሙን ፈልጌ ነው" አልኩ። ባልዲውን አስቀመጠች፦
"እናቴ በድርቁ ዘመን በሁለት ደርዘን እንቁላል ለወጠች፣
ከአማትሽ። በኛ ቤት 'ሉድሚላ' ነው። ሌላ ስም አለው እንዴ?"
ሳቅሁ፣ አፈርሁ፣ ሁለቱም ባንዴ።

ሉድሚላ፣ እስክትሞት "የልጄ ሚስት" ስትለኝ የኖረች፣
አንድ ቀን ቭላስታ ያላለችኝ፣
ያውና በሰው ግቢ ስም ሆና አበበች።

አዲስ ዚንክ ቆረጥኩ። በሚስማር፣ ቀስ ብዬ ጫርኩ፦
"ሉድሚላ"። ከሥሩ "ማዳም"፤ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አኖርኩ።

ቦዩ አሁንም ውሃውን ወደ እኔ ግቢ ያፈሳል።
በነሐሴ ይህንኑ ባነሳባት በሩን ዘጋችብኝ፤
በማግስቱ ደረጃዬ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሥር ጠበቀኝ።
ቢጫ ይሁን ነጭ እንጃ፤ ስምም ጽሑፍም የለው።
እንደ ዳክዬ ተከልኩት፣ ጀርባውን ፀሐይ እንዲያገኘው።