ቀይ እስክሪብቶ

ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ፣ ማተሚያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ
አራሚ ነኝ፤ እንጀራዬ የሰው ስሕተት መልቀም።
ገና በስድስተኛው ሳምንት ቀለሙ ከዳኝ፤
ዐሥር ዓመት የለመድኩት ያ ቀለም
እንደማላውቀው ሰው ደጄ ላይ ቆሞ አስመለሰኝ።

"ጨጓራሽ ነው" አለ ታዴዎስ፣ ወረቀት ቆራጩ።
"ብርድ ነው" አለች እትዬ ዘነቡ ከባልዲዋ ቀና ብላ፤
አየት አደረገችኝና ራሷን አረመች፦
"አይ፣ ልጅ ነው።"
ከእኔ ቀድማ አነበበችኝ።

ከዚያ ወዲህ መሳቢያዬ ውስጥ
ከቀይ እስክሪብቶው ጎን ደረቅ ብስኩት አለ፣ የተገመሰ ሎሚ አለ።
ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ አንዷን እቆረጥማለሁ፤
ከዚያም ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ፤
ሆዴ ባዶ ሲሆን ነው የሚያምሰኝ።

ታክሲው ላይ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ!" አለ፤
የሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ አድርጎ ጠቀጠቀኝ።
"አምስተኛም አለ" ብዬ ሆዴን አሳየሁት።
ሳቀ። ሒሳቡን የአንድ ሰው ተቀበለኝ።

ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት
ነፍሰ ጡር ሊል ፈልጎ "ነፍሰ ጡብ" ይላል።
እጄን በላኝ። ግን ተውኩት፤
በሰባተኛው ወር፣ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቼ፣
እውነትም ጡብ ነበርኩ።

ሲስተር አመለወርቅ ቁርጭምጭሚቴን በአውራ ጣቷ ተጫነች፤
ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ሞላ።
"የማታው እብጠት የወንበር ነው፣ እግርሽን ከፍ አድርጊ።
በግራ ጎንሽ ተኚ። ለቃሩ፣ በልተሽ ወዲያው አትጋደሚ፤
በርበሬውንም ቀንሺ። የብረት ክኒኑን
በሻይ አትዋጪ፣ ሻይ ይሰርቅሻል፤ በብርቱካን ይሁን።"

ወጥ ያለ በርበሬ!
ግስ የሌለው ዓረፍተ ነገር።

"ይህን ግን" አለች፣ የግፊት መለኪያውን ከክንዴ እየፈታች፤
ድምጿ ከሥሩ መስመር የተሰመረበት መሰለ፦
"ፊትሽና እጅሽ ካበጠ፣ ራስሽን ከፈለጠሽ፣
ዐይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ ካለ፣ ደም ካየሽ፣
እንቅስቃሴው ከቀነሰ፣
ነገ አትበዪ። ሌሊትም ቢሆን ነዪ።"

ካርዴ ጀርባ ላይ በቀይ ጻፍኩት።
እስከ ዛሬ በቀይ የጻፍኩት ሁሉ
ሌላ ሰው የሳተው ነበር።

ማታ ባቴን ጨምድዶ ሲይዘኝ
አጥናፉ ዐይኑን ሳይገልጥ የእግሬን ጣቶች ወደ እኔ ይገፋል፤
"ለቀቀሽ?" ይላል፣ መልሴን ሳይሰማ ያንኮራፋል።
እኔም በግራ ጎኔ፣
ትራስ በጉልበቶቼ መሀል፣
የጥያቄ ምልክት መስዬ እጠቀለላለሁ፤
ነጥቡ ውስጤ ሆኖ ይራገጣል።

ነገ አርባ ገጽ ይጠብቀኛል።
ብስኩቱ አልቋል።