የሁለት ጎማ ሒሳብ

ከፍራንኮ ወረድ ብሎ፣ ከመጠገኛ ቤቴ ደጃፍ፣
ኦቦ ደንደና ጋሪውን አቆመ ከጥላው ጫፍ።
የአዳማን አቧራ አራግፎ፣ ጅራፉን ከብብቱ ሸጉጦ፣
«ያቺ የሬዲዮ ልጅ» አለኝ፣ ከደፉ ላይ ተቀምጦ፤
«ባጃጁ ተሳፋሪውን ወሰደው፤ ዳማን ልሸጠው ነው።
ሳልሸጠው ግን አንድ ነገር፣ አንድ ነገር ልወቀው፦
ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ፣
በቀን ስንት ይሄዳል ይህ የኔ መተዳደሪያ?»

ቀላል መስሎኝ።
ከሞተ ስፒከር ሆድ ማግኔት ፈልቅቄ፣
በየጎማው ቸርኬ ላይ በማስቲሽ አጣብቄ፣
ማግኔት ሲያልፍ ጠቅ የምትል ማብሪያ ከሥር ደብቄ፣
ሁለቱን ሽቦ ቋጠርኩ፣ ከሒሳብ ማሽን አዋደድኩ፤
አንድ ሲደመር አንድ ብዬ «እኩል ይሆናል» ላይ በየድኩ።

ግን ጎማዎቹ መንታ አይደሉም። ቀኙ የድሮ ፊያት ነው፣
ግራው ከወዳደቀ ብረት በዕድል የተገኘው፤
ትንሽ ነው፤ ለዚህ ነው ጋሪው ወደ ግራ የሚያዘነብለው፣
ግራው አሥር ሲዞር ቀኙ ዘጠኝ የሚለው።

ይህስ ባልከፋ፤ ሌላ ሌባ ነበረ ከሽቦው ቤት፤
ሁለቱ ጠቅታ አንዳንዴ ሲገጣጠሙ በቅጽበት፣
ማሽኑ አንድ ብቻ ይቆጥራል፤ አንዱን ይውጣል በጸጥታ።
ትዝ አለኝ የስም ጥሪ፣ የጠዋቱ ሁካታ፤
«የወንድራድ ልጆች!» ሲል መምህሩ እየተጣራ፣
እኔና መንታዬ ብርዛፍ «አቤት» እንል ነበር በጋራ።
እሱ አንድ ጭረት ያሰፍራል፤ አንድ ድምፅ ነው የሰማው፤
ክፍል ውዬ «ቀሪ» መባልን እኔ ነኝ የማውቀው።

መቁጠሩን ተውኩት። ሌሊት፣ መብራት እንደጠፋ፣
ብረቱን በከሰል አግዬ፣ ላቤ ቦርዱ ላይ ሲደፋ፣
ለየጎማው ካፓሲተር ሰጠሁት፣ እንደ ቀዳዳ ጣሳ፤
ጠቅታው ሲፈጥን የሚሞላ፣ ሲዘገይ ውኃው የሚሳሳ።
ፍጥነት ከፍታ ሆነ፤ የግራውን ጉረኛ ደግሞ
በሬዲዮ ቮሊዩም ዝቅ አረግሁት፣
ዘጠኝ አሥረኛ ላይ እስኪቆም ከቀኙ ገጥሞ።
ጠቅታ ከጠቅታ ይጋጫል፤ ከፍታ ከከፍታ ይደመራል፤
ድምሩ ለሁለት ተካፍሎ ዳግመኛ ጠቅ እያለ ይቆጠራል።
የግራው አይደለም፣ የቀኙም፤ ማንም ያልዞረው ዙር ነው፤
በሁለቱ ጎማ መሃል፣ ዳማ የሚረግጠው።

ማክሰኞ ማታ ዙሩን አባዝቼ ቁጥሩን አነበብኩለት፦
«ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፣ ምናልባት ከትንሽ ስህተት።»
ዝም አለ። የሒሳብ ማሽኑን እንደ እንቁላል በመዳፉ ይዞ፣
ወደ ጋሪው ዞር አለ፣ ዓይኑ በአቧራ ደብዝዞ።
«ቆሞ የጠበቀውስ?» አለኝ። «ፀሐይ ላይ፣ ሰው እስኪሞላ?
ያ በየትኛው ሽቦ ተሰላ?»

መልስ አልነበረኝም። ጎማ ሲቆም ጣሳው ፈሶ ይደርቃል፤
ዳማ አንድ የኋላ እግሩን አሳርፎ ከጥላው ጫፍ ቆሟል።
ቁጥሩ እንዳለ ነው።