አርባ ሁለት ሲቀነስ አሥራ ሰባት

ግንቦት ሊያልቅ ነው፤ ዝናቡ ገና ወሬ ነው፤
የኮሲ ወንዝ አሸዋው ላይ ተጋድሟል፣ ለሐጩ የደረቀ በሬ ነው።
ትምህርት ቤቱ ተቆልፏል፤ ቁልፉም ከዳይሬክተሩ ጋር ከተማ ገብቷል።
እኛ ከማንጎው ሥር ጆንያ አነጠፍን፤
ጥላው ሲዞር አብረን ዞርን፣
ፀሐይ በገፋችን ቁጥር ሰሌዳችንን ተሸክመን አፈገፈግን።

ሦስት ነን፤ ደሞዝ የለን።
እኔ ኑታን፣ የኮሌጅ ፈተና አንዴ የጣለኝ።
ታብሬዝ ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩን ካንገቱ ሳያወልቅ የሚመጣ፤
ኪሾሪ ዴቪ ደግሞ ለልጆቹ ውሃ ልታቀርብ መጥታ
ከኋላ ተቀምጣ ቀረች፣
አሸዋ ላይ ፊደል ጽፋ፣ ሰው ሳያይ በመዳፏ አጥፍታ።

"ከ" ብቻውን ቆሟል። ዱላ ሲይዝ "ካ" ይባላል፤
ዱላው ላይ ቆብ ሲደፋ "ኪ"፤
ከእግሩ ጭራ ሲያበቅል "ኩ" ብሎ ይሮጣል።
"ወዴት ነው የሚሮጠው?" አለች ሩኒ።
"ወደ ኩሬ!" አሉ ሁሉም።
ኩሬው ግን ደርቋል።

ዱክሃን አልሳቀም። አሥራ አንድ ዓመቱ፣ አምስተኛ ክፍል፤
ጆሮው የያዘውን አፉ ይደግማል፣
ገጹን እንኳ ልክ በሰዓቱ ይገልጣል።
አንድ ቀን መጽሐፉን ዘቅዝቄ ሰጠሁት፤
አነበበልኝ። እስኪጨርስ ሰማሁት።
ከዚያ በለሆሳስ፣ "ና፣ ከ'ከ' እንጀምር" አልሁት።

ለሒሳቡ የመጥረጊያ ስንጥር ለቅመን
አሥር አሥሩን በክር አስረናል።
አራት እስርና ሁለት ስንጥር ሰጥቼው፣ "አሥራ ሰባት አንሳ" አልሁት።
"ከሁለት ላይ ሰባት አይነሣም።"
"ከጎረቤት አሥር ተበደር።"
አሸዋው ላይ ሠላሳ አምስት ጽፎ ቀና አለ፤ ፊቱ ጠቁሯል።
"መቼ ነው የምንመልሰው?"
"ምኑን?"
"የተበደርነውን። ወለድ አለው?"
ታብሬዝ ሜትሩን መጠቅለል ተወ።

ለካ እነሱ ቤት ይህ ቃል ሳያንኳኳ ይገባል፤
ለካ አባቱ ለውሃ ፓምፕ ናፍጣ ተበድሮ
በአውራ ጣቱ ፈርሟል።
እኔስ? "ተበደሪ" ባሉኝ ቁጥር ስበደር ኖሬ
አንድም ቀን ከማን ብዬ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ አንዱን እስር አቀበልሁት። "ክሩን ፍታ።"
አሥሩ ስንጥር ጆንያው ላይ ተበተነ።
"ከማን ወሰድህ?"
ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።
"ከማንም። የኔው ነበር፤ ታስሮ ነው።"
ሦስት እስር፣ አሥራ ሁለት ስንጥር፤ ጣቱ ተርመሰመሰ፤
ሃያ አምስት!
"ፈታሁት!" ብሎ ጮኸ፤
ክሩን ይሁን ሒሳቡን አልጠየቅሁትም።

ሐሙስ ዕለት ላብ የነካው ወረቀት ከኪሱ አወጣ፤
የአበዳሪው፣ የጃጌሽዋር ሳው ጽሕፈት።
"ራሴ ላንብበው" አለ። በጣቱ እየተከተለ፣
ቃሉን እንደ ሸንኮራ አገዳ እየሰባበረ፦
የተወሰደ አራት ሺህ ሁለት መቶ።
የተከፈለ አንድ ሺህ ሰባት መቶ።
ቀሪ ሦስት ሺህ
አምስት መቶ።

ኪሾሪ ዴቪ በሳሪዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።
"ሳው እስሩን አልፈታም" አለ ዱክሃን።
አውቆ ይሆን፣ ወይስ እሱንም በልጅነቱ
ከዛፍ ሥር የሚያስጠናው ጠፍቶ፣
እኔ እንጃ።

ዝናቡ መጣ፤ ጆንያችንን አነሣን።
ከሃያ ሦስቱ አሥራ አራቱ ተረት ያነባሉ፣ ስድስቱ አንቀጽ ላይ ቆመዋል፣
ሁለቱ ከፊደል ጋር ገና ይታገላሉ፤
ፉልዋ ግን ከእናቷ ጋር ሩዝ ልትተክል ፑንጃብ ሄደች፣
"ኩ" ላይ እንዳለች።

ዱክሃን የለመነኝ አራት እስርና ሁለት ስንጥር ብቻ ነው።
በነጋታው ከአባቱ ጋር ወደ ሱቁ ሲገባ ከሩቅ አየሁት።
የተባባሉትን አልሰማሁም፤
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር።

ማታ በዚያ ሳልፍ
ከደጃፉ ጭቃ ላይ አንድ ክር አገኘሁ፣
የተፈታ።