ግማሽ ዋጋ

ለምሽቱ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣
ከዓሣው መደርደሪያ ዙሪያ እንሰበሰባለን፤
እኛ ጡረተኞች፣ የሀኮዳቴ ሰዎች፣
የአጥማጅ ጀልባ እንደሚጠብቁ የባሕር ወፎች።
አቶ ካጂታኒ የጨው ከረጢት ይዘው
ጽሑፉን ያነባሉ፣ ቃል በቃል፣ ደጋግመው፤
እኔም እንቁላሉን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣
ያልቸኮለ ሰው ፊት ተበድሬ መጣሁ።

ከዚያ በሩ ይከፈታል፤ አሳኑማ ይወጣል፣
የቢጫ ወረቀት ጥቅል ክንዱ ላይ ሰክቷል፤
«ግማሽ ዋጋ» ይላል፤ በሄደበት ይለጥፋል፣
የለጠፈበት ሁሉ ከኋላው ይነሳል።
ሕግ አለን ያልተጻፈ፦ ሳይለጠፍ መንካት ነውር፣
ከተለጠፈ ወዲያ ደግሞ ሞኝነት ነው ማፈር።

ሠላሳ ሰባት ዓመት ከመርከቡ ወደብ
ትኬት ስሸጥ ኖርኩኝ፣ የሰው መንገድ ስመድብ፤
እኔ ግን ባሕሩን አልተሻገርኩትም፣
«ለእርጅና ነው» አልን፣ ለዛሬ አላልንም።
የገላችን ውኃ ልብስ ያጥባል በማግሥቱ፣
አንድ ክፍል ነው የሚሞቅ ከቤታችን ከሦስቱ፤
የጥርስ ሳሙናው ቱቦ በመቀስ ይሰነጠቃል፣
ጥጉ ተፍቆ ሲወጣ ሌላ ሳምንት ያስኬዳል።
አላማርርም እኔ፤ ቁጠባ ይጣፍጣል፣
የተረፈ ሳንቲም በጣት መሀል ይሞቃል።

ሴት ልጄ ከሳፖሮ ደውላ «ብዪው እንጂ» ትለኛለች፤
ጎረቤቴ ደግሞ መቶ ዓመት ኖራ ሳንቲም አጥታለች፤
በሁለቱ መሀል ሌሊት እገላበጣለሁ፦
ስንት ዓመት እንደቀረኝ ባውቅ፣ ስንት ሩዝ እንደሚበቃኝ አውቃለሁ።

ባሌ ቶኩጂ አንድ ቀን ጣቱን እንደ ልጅ ቀስሮ፣
«ኪኑዮ፣ የባሕር ጃርት እንብላ» አለኝ አፍሮ፤
ከእሾሁ የተላቀቀ፣ ብርቱካንማ ሥጋው፣
በትንሽ የእንጨት ሣጥን፣ ሰማይ የነካ ዋጋው።
«ቢጫው ሲለጠፍበት» አልኩት። «እሺ» አለ፤ ዝም አለ።
አውቅ ነበር፤ ያ ሣጥን ለማታ ተርፎ አያውቅ፣
ቀትር ሳይሞላ ነው የሚያልቅ።
በመጋቢት ሄደ ቶኩጂ፣ ቅናሽ ሳይጠብቅ።

የቆጡን ስደረድር፣ ስቆጥር፣ ስቆልፍ፣
ከብብቴ ወደቀ፤ ኮሽታም የለው ሲረግፍ።

ትናንት በረዶ ወርዶ ሰዉ ከቤቱ ዋለ፤
ከአንድ ሰዓት በፊት አየሁ፣ አንድ ሣጥን አለ፤
ብቻውን ተቀምጧል፣ ማንም ያልደረሰበት፣
አሳኑማም መጣ ጥቅሉን እየላጠለት።
በዕድሜዬ አንድ ቀን የቀረበልኝ ዕድል!
ወረቀቱ ሊያርፍ ሲል፣
ሣጥኑን ከሥሩ አነሳሁት።
«እማማ፣ ሦስት ደቂቃ ነው የቀረው፣ ይጠብቁት!»
«ተወው ልጄ» አልኩ፣ «ሙሉ ዋጋ አስከፍለኝ።»
(ግማሽ አልጋ፣ ግማሽ ሻይ፣ ግማሽ ቤት ሰለቸኝ፣
ይህን ግን ለልጁ ምን ብዬ ልንገረው?)
አቶ ካጂታኒ ከጨው ጽሑፍ ቀና ብለው አዩኝ፤
አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ቆመን፣ ገና ያኔ አወቁኝ።

በእግሬ ተመለስኩኝ፣ በበረዶው መሀል፣
የትራሙን ሒሳብ ላድን፤ ልማድ መቼ ይለቃል?
የእሱን ወንበር ሳብኩ፤ ማንኪያም አወጣሁ፣
የመጀመሪያውን ጎረስኩ። እውነቱን እነግራችኋለሁ፦
ጨው ነው፤ ብረት ነው፤ ዝገት የላሰ ባሕር።
ለዚህ ነው እንዴ ያ ሁሉ ነገር?
ሁለተኛውን ቀስ አልኩ፤ ምላሴ ላይ አቆየሁት፤
ሦስተኛውን አልነግራችሁም፤ ለራሴ አስቀረሁት።

ደብተሬን ገለጥኩ ከዚያ፤ ዋጋውን የት ልጻፈው?
ምግብ፣ መድኃኒት፣ ነዳጅ፣ ለየትኛው ልስጠው?
«የቶኩጂ ዕዳ» ብዬ አዲስ ዓምድ አሰመርኩለት፤
ዋናው ተከፈለ፣ ወለዱ ገና አለበት።

ሣጥኑን ግን አጠብኩት በገላ ውኃ፣ እንደ ወጉ፤
የሸሚዙን ቁልፎች ሞላሁበት ከጥግ እስከ ጥጉ።